የጉለሌ ዛፍና የቆራጩ እጅ

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ሸክም ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ እንጨቱ በምን እንደተቆረጠ ሳይጠይቅ ያውቃል። የደረቀ ቅጠልና ጭራሮ ከሆነ የለቀመው እጅ ነው፤ ብረት አልነካውም። የአጠናው ጫፍ በአንድ ወገን ሾሎ ሁለት ሦስት የተንሸራተተ ጠባሳ ካለበት፣ ያረፈበት መጥረቢያ ነው። የጉማጁ ፊት ልሙጥ ከሆነ የእጅ መጋዝ አልፎበታል። ፊቱ ላይ ሸካራ መስመር ተደርድሮ የቅርፊቱ ጠርዝ ተቦጫጭሮ ከታየ ደግሞ የሞተር መጋዝ ነው።

እነዚህ አራት ምልክቶች በአንድ ዳገት ላይ ዛሬም አብረው ይታያሉ። አንዱ ሌላውን አላጠፋውም። ይህ የሆነው ከእንጦጦ ሥር ያለው ጉለሌ ወደ ኋላ ስለቀረ አይደለም። እዚህ ሰፈር እንጨት ሲቆረጥ መሣሪያውን የሚመርጡት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ የግንዱ ውፍረትና የቆራጩ አቅም። ያ ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። የሞተር መጋዝ ሲመጣ ግን ምርጫው ወደ ሞተሩ ጉልበት አዘነበለ፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጉለሌ ስሙን ያገኘው ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት በአካባቢው ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሳ ነው። በዚያን ጊዜ በተራራው ላይ ባህር ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም። የደጋው ዛፍ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ላይ ሆነው ሸዋን ሲገዙ፣ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ ይህ ደን መመናመን ጀምሮ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሠራዊት፣ አሽከርና ገረድ፣ እንግዳና ባለጉዳይ በየቀኑ ይበላል፤ የሚበላው ሁሉ ደግሞ በእንጨት ይበስላል። በ1879 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ስትሰፋ እሳቱም አብሮ ሰፋ።

ጽድና ወይራ ለመጥረቢያ የሚመቹ ዛፎች አይደሉም። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ስለቱን ያደነዝዛል። ያረጀ ጽድ ወፍራም ነው፤ አንዱን ለመጣል ሰዎች እየተፈራረቁ መምታት ነበረባቸው። ወድቆም በቀላሉ አይነሳም። እየተፈለጠ፣ በሽብልቅ እየተሰነጠቀ በሰውና በአጋሰስ ይጓዛል። ቋሚና ወራጅ ለማውጣት የሚደክመው ሰው ብዙ፣ የሚባክነውም እንጨት ብዙ ነበር። ደን የሚያልቀው በተቆረጠው ልክ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ባባከነው ልክ ጭምር ነው። በመጥረቢያ ከአንድ ወፍራም ግንድ ሳንቃ የሚያወጣ ሰው፣ አብዛኛውን ግንድ ጠርቦ ይጥለዋል።

እንጨት ሲያልቅ ከተማ መነሳቱ በነገሥታቱ ዘመን የተለመደ ነገር ነበር። ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ዋና ከተማ ማስገንባት ጀምረው ነበር። የተጀመረው ቤተ መንግሥት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች። እንድትቀር ካደረጓት ምክንያቶች ዋነኛው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ዘሩን በማስመጣት ስሙ አብዝቶ የሚነሳው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ሕዝቡ ባህር ዛፍ አለው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። በእንጦጦ ደጋ የለመደው በተለይ ነጭ ባህር ዛፍ የሚባለው ነው።

የባህር ዛፍን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የዛፉን ፍጥነት ያነሳሉ፤ ልክ ናቸው። ከፍጥነቱ እኩል ሊነሳ የሚገባው ግን ዛፉ ከመጥረቢያ ጋር የነበረው ስምምነት ነው። ባህር ዛፍ ሲቆረጥ አይሞትም። ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው በአምስትና በሰባት ዓመት ውስጥ የሰው ክንድ፣ ቀጥሎም የሰው ጭን ያህል ይወፍራል። ቀጥ ያለ ነው፤ ቅርንጫፉ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን እንጨት አንድ ሰው፣ አንዲት ቀላል መጥረቢያ ይዞ፣ በጥቂት ምት ይጥለዋል። ቅርፊቱን ልጦ ሲያደርቀው አጠና ነው፤ ቀጭኑ ማገር፣ ደልደል ያለው ቋሚ፣ ረጅሙ ወራጅ ይሆናል። ለፎቅ ቤት ግንባታ መወጣጫ የሚቆመውም ይኸው ነው። ጽድ ይፈልግ የነበረውን የብዙ ሰው ጉልበት ባህር ዛፍ ለአንድ ሰው አደረገው። ሽማግሌውም፣ ባልቴቷም፣ ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሰውም ልጅ እንደ አቅሙ የሚቆርጠው እንጨት አገኘ።

ዛፉ ምንጭ ያደርቃል የሚል ክስ ተነሥቶበት በ1905 ዓ.ም. ገደማ አብዛኛው እንዲነቀል መታዘዙም ይታወሳል። ትእዛዙ ግን በተግባር አልዋለም፤ ከተማው ያለ ባህር ዛፍ እሳት አልነበረውም።

መጥረቢያው ራሱ ከየት ይመጣል? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀጨኔ በዚሁ በጉለሌ ውስጥ ነው። ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩ የሰፈረበት ኮረብታ ነው። የእጅ ሙያን የሚንቀው ማኅበረሰብ እነዚህን ሰዎች ለዘመናት ስም ሲያወጣላቸው፣ ቡዳ ሲላቸው ኖሯል፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ከተማው ቤቱን ያቆመበትን አጠና የቆረጠው ብረት፣ እንጀራውን የጋገረበት ምጣድ፣ የለበሰው ሸማ ከእነዚያ ከተናቁ እጆች የወጣ ነው። ስለ እንጨት ቆረጣ ሲጻፍ ይህ ሳይነሳ ማለፍ የለበትም።

ቀጥቃጩ የሚሠራው ብረቱን ብቻ ነው። ዛቢያውን የሚያበጀው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ መሣሪያ ከሰው ጋር የሚስማማውም እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ዛቢያ ከወይራ ይወጣል፤ ጠንካራ ሆኖ ጥቂት ይተጣጠፋልና የምቱን ንዝረት ለእጅ አያደርሰውም። ሰውየው ሲቆርጠው ከክርኑ፣ ከትከሻው፣ ከቁመቱ ጋር እያስተያየ ነው። በአንድ እጅ ለምትያዝ ፋስ አጭር፣ ለሁለት እጅ መፍለጫ ረጅም ያደርገዋል። ጫፉን ከብረቱ ቀዳዳ ጥቂት አወፍሮ ይተወዋል፤ እየላገ፣ እየሞከረ፣ እንደገና እያወጣ ይልገዋል። ሲገባ በግድ እንዲገባ ነው የሚፈለገው። ከዚያ ዛቢያውን አቁሞ ታችኛውን ጫፍ ድንጋይ ላይ ይመታል፤ ብረቱ በራሱ ክብደት ቁልቁል እየሰመጠ ይጠብቃል። ከላይ ቀጭን ሽብልቅ ይጨመርበታል። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ የሚያሳድሩትም አሉ፤ እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። እንዲህ የተሠራ መጥረቢያ የዚያ ሰው ነው። የተዋሰው ጎረቤት ገና ሲያነሳው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ወይ ይረዝምበታል ወይ ይከብደዋል።

ከዛፍ ቆራጩ ሌላ እንጨት ፈላጩ ነበር። መፍለጫውን በትከሻው፣ ሽብልቁን በከረጢት ይዞ በየሰፈሩ የሚዞር ሰው ነው። ሠርግ ወይም ተዝካር ሲቃረብ ይጠራል፤ በግቢው ጥግ የተከማቸውን ጉቶ ቀኑን ሙሉ ሲፈልጥ ይውላል። የእሱ መፍለጫ ስለቱ ደንደን ያለ፣ ክብደቱ የሚበዛ ነው፤ ዛፍ ለመጣል አይሆንም። የዛፍ ቆራጩ መጥረቢያ ደግሞ ስስ ስለት ስላለው ጉቶ ላይ ተነክሶ ይቀራል። የሰፈሩ ሰው መጽሐፍ ሳያነብ፣ ለየትኛው ሥራ የትኛው ብረት እንደሚሆን ያውቅ ነበር።

ጣውላ የሚፈለግ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ግንዱ ከፍ ባለ የእንጨት መድረክ ላይ ይጋደማል። አንዱ መጋዝ ሳቢ ከላይ ይቆማል፤ ሌላው ከታች ሆኖ ወደ ራሱ ይስባል። ከላይ ያለው መስመሩን የሚጠብቅ ነው፤ ከታች ያለው ሰጋቱራ በዓይኑና በአንገቱ እየገባ ጉልበቱን የሚሰጥ። ለዚህ መጋዝ የግለሰብ ብርታት አይበቃውም። ሁለቱ እኩል መሳብ፣ እኩል መልቀቅ አለባቸው፤ አንዱ ሲገፋ ብረቱ ይታጠፋል። ለዓመታት አብረው የሠሩ ጥንዶች የሚፈለጉትም ለዚሁ ነበር። በሞተር የሚሠራው እንጨት መሰንጠቂያ ሲስፋፋ ይህ ሙያ ከከተማው ራቀ።

የመሣሪያው ጉዳይ በእንጦጦ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ሕይወት ውስጥ ሕግ ሆኖም ገብቷል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ በግለሰቦች እጅ የነበረው ሰፊ የባህር ዛፍ ደን ወደ መንግሥት ዞረ። በ1970ዎቹ ደግሞ በከተማው ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ለማገዶ ተብሎ ብዙ አዲስ ባህር ዛፍ ተተከለ። ጠባቂ ቆመለት። መጥረቢያ ይዞ የተገኘ እንደ ሌባ ተቆጠረ፤ ባዶ እጁን የገባ ግን የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ ሊለቅም ይችላል ተባለ። ስለዚህ ሴቶቹ ያለ ብረት መሥራት ተማሩ። ቅጠሉን በመጥረጊያ ሰብስበው፣ ጭራሮውን በእጃቸው ሰብረው፣ በገመድ ጠፍረው ይሸከሙታል። የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ነበልባሉ ቶሎ ይነሳል፤ ምጣድን ከዳር እስከ ዳር እኩል ያሰማል። እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ እነዚህ ሴቶች ጥናት አሳትሟል። ከ30 ኪሎ በላይ ሸክም ተሸክመው፣ ከአንዳንዶቹ የራሳቸው ክብደት ጋር የሚቀራረብ ማለት ነው፣ ኪሎ ሜትሮችን ይወርዳሉ። ጎብጠው ሲሄዱ ከፊት ለፊት የሚታየው ሸክሙ እንጂ እነሱ አይደሉም። ከዚያ በኋላ ከእንጨት ለቀማ ወጥተው ሽመናና ሌላ ሥራ እንዲሠሩ የሚያግዝ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ የሠሯቸው ነጠላና ሻርፕ ዛሬም ይሸጣሉ። ሸክሙ ግን ከዳገቱ ላይ ፈጽሞ አልጠፋም።

የሞተር መጋዝ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ታሪኩም እንግዳ ነው። በሰንሰለት ላይ ጥርስ ደርድሮ መቁረጥ መጀመሪያ የታሰበው ለእንጨት አልነበረም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጆን አይትከንና ጄምስ ጄፍሬ የተባሉ ስኮትላንዳውያን ሐኪሞች አጥንት ለመቁረጥ ሠሩት፤ በ1830 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀርመናዊው በርንሃርድ ሃይነ በእጅ የሚዞር አደረገው። ወደ ጫካ የገባው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አንድርያስ ሽቲል በ1926 እ.ኤ.አ. በሽቱትጋርት በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ 64 ኪሎ የሚመዝን መጋዝ ሠራ። ኤሚል ሌርፕ በቀጣዩ ዓመት በቤንዚን የሚሠራውን ዶልማር በተባለ ተራራ ላይ ሞከረ። ሽቲልም በ1929 እ.ኤ.አ. የራሱን የቤንዚን መጋዝ አወጣ፤ 46 ኪሎ ነበር። እነዚህን ሁሉ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከመድረኩ ላይና ታች ሆነው እንደሚስቡት የእኛ ጣውላ ሠሪዎች፣ አንዱ በአንዱ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ይይዙታል።

ሽቲል ለአንድ ሰው የሚሆነውን መጋዝ የሠራው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የወጣው ኮንትራ የተባለው ሞዴል ደግሞ ክብደቱን ወደ 12 ኪሎ አወረደው። ስዊድናዊው ሁስክቫርናም የመጀመሪያ መጋዙን ያወጣው በዚሁ በ1959 ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን በሰንሰለቱ ላይ ትልቅ ለውጥ ተደርጓል። ጆ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ በ1946 እ.ኤ.አ. ጉቶ ውስጥ ግራና ቀኝ እየቦረቦረ የሚሄድ የጥንዚዛ እጭ አየ። የትሉ መንጋጋ እንጨቱን አይፈጭም፤ ይልጠዋል። ኮክስ የዚያን መንጋጋ ቅርጽ አስመስሎ የሰንሰለት ጥርስ ሠራ፤ ዛሬ በየትኛውም ሱቅ የሚሸጠው ሰንሰለት የዚያ ዘር ነው። ሰንሰለቱን በቅጽበት የሚያቆመው ፍሬን የተለመደው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ፊቱንና አንገቱን ተመትቷል፤ በንዝረቱ ጣታቸው እየነጣ የደነዘዙም ብዙ ናቸው።

በኢትዮጵያ የደን ሙያ በትምህርት ቤት ደረጃ ሲደራጅ የስዊድን እጅ ነበረበት። የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት በ1978 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ ተከፈተ፤ ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች በአገሪቱ ደኖች ተበተኑ። በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለሞቃት አገሮች ደን የሞተር መጋዝ አያያዝ መመሪያ አሳተመ። በእነዚያ ዓመታት መጋዙ የሚያዘው በሠለጠነ ሰው ነበር፤ ከመንግሥት መጋዘን ወጥቶ ማታ ተመልሶ ይገባል። ዛሬ ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ከመርካቶ ገዝቶት ይወጣል። ሻጩ የሚናገረው የሞተሩን ጉልበት ነው፤ ገዢውም ባለው ብር ትልቁን ይመርጣል። ዛቢያውን ለክንዱ እየለካ ይሠራ የነበረ ሰው ልጅ፣ ለክንዱ ያልተለካ 7 ኪሎ ብረት ይዞ ዳገት ይወጣል።

መጋዝ ሲመረጥ ልኩ ከዛፉ ይጀምራል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጠፍጣፋ ብረት ከግንዱ ስፋት ጥቂት ቢበልጥ ይበቃል፤ በሁለት ወገን መቁረጥ ለሚችል ደግሞ ያነሰም ይሆናል። የጉለሌ አጠና አብዛኛው ከ15 ሳንቲ ሜትር አይወፍርም። ለዚህ ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ብረትና ከ30 እስከ 40 ሲሲ ሞተር ያለው፣ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ መጋዝ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም በቁጥቋጦ መካከል ለመጥረቢያ ክብር መስጠት ይሻላል። ከአንድ ጉቶ የበቀሉ አምስት ስድስት አጠናዎች ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ አንዱን ሲቆርጡ የብረቱ ጫፍ ሌላውን ይነካል። የሞተር መጋዝ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ሰው የሚመታው የላይኛው ጫፉ ጠንካራ ነገር ሲነካ ነው። ፍጥነቱ ከሰው ዓይን ጥቅሻ ይቀድማል። ለጀማሪ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም።

በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በአሮጌ ግቢዎች የቆሙት ትልልቅ ነጭ ባህር ዛፎች ሌላ ናቸው። የግንዳቸው ስፋት አንድ ሜትር የሚደርስ አለ። ለእነሱ ከ70 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተርና ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ብረት ያስፈልጋል፤ ያን የሚይዝም ሰው ለዓመታት የሠራ መሆን አለበት። ባህር ዛፍ በውስጡ ውጥረት የያዘ ዛፍ ነው። የሚወድቅበትን ወገን በቅጡ ሳይከፍቱ ከኋላ ቢቆርጡት ግንዱ በቁሙ ተሰንጥቆ ወደ ቆራጩ ይወረወራል። በሚወድቅበት በኩል እስከ ግንዱ ሩብ የሚደርስ አፍ ይከፈታል፤ ከኋላ የሚመጣው ቁርጥ ከአፉ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገባል፤ በመካከል የግንዱ አንድ አሥረኛ የሚያህል ሳይቆረጥ ይተዋል። እንጨቱ በዚያ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ታጥፎ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በመጥረቢያም ያው ነው። ልዩነቱ መጥረቢያ ሲሳሳቱ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል፤ ሞተር አይሰጥም።

ከዚያ ከፍታው አለ። ሌላ አገር የተጻፈ የመጋዝ ምክር ስለ እንጦጦ አያውቅም። ሞተር የሚሠራው በአየር ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የተለካ የሞተር ጉልበት እዚህ ሲደርስ ሩቡን ያህል ያጣል። የ50 ሲሲ መጋዝ ገዝቶ ዳገቱን የወጣ ሰው፣ በእጁ ያለው የዚያን ያህል ጉልበት የለውም። ሞተሩም ሲያጨስ፣ ካንዴላው በጥላሸት ሲዘጋ ይታያል፤ ቤንዚኑ ከአየሩ በልጦበት ነው። ጎበዝ መካኒክ ካርቡሬተሩን ቤንዚን እንዲቀንስ አድርጎ ያስተካክለዋል። አደጋው ሲመለስ ነው። እንጦጦ ላይ የተስተካከለውን መጋዝ ሳይነኩ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ቆላ ቢወስዱት አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይትም ያንሳል። ሞተሩ ያለ ልክ ይግላል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ካርቡሬተር ያላቸው መጋዞች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። በባትሪ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራው አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ አይነካውም። በግቢው ሁለት ሦስት ዛፍ ላለው የጉለሌ ነዋሪ ከቤንዚኑ ይልቅ የሚሻለው ይህ ሊሆን ይችላል።

የቆራጩን ልምድ ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ግን የሞረድ አያያዙ ነው። ሰንሰለቱ ስለታም ሲሆን የሚወጣው ስንጣሪ ረዘም ያለ ነው፤ ሲደነዝ ዱቄት ይሆናል። በእንጦጦ ጎትተው ያወረዱት ግንድ ቅርፊቱ አፈርና ጠጠር ይዟል፤ ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ጠጠር ከነካ በቂ ነው። የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያቆማል። መጋዙን ጉቶ ላይ አስደግፎ፣ ክቡን ሞረድ በጥርሱ ጉድጓድ ልክ አግብቶ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል፤ ሲመልስ ያነሳዋል። በየጥርሱ ሁለት ሦስት ግፊት፣ ሁሉንም በአንድ ማዕዘን። የአንድ ወገን ጥርስ ብዙ ከተሞረደ መጋዙ ወደ ጎን እየከረከመ ይሄዳል። የማያውቅ ሰው ደግሞ ይጫነዋል፤ ሞተሩን ያስጮኻል፤ ብረቱ ይጨሳል። እንዲህ የሚሠራ ሰው ትልቅ መጋዝ ሊሰጠው አይገባም። መሞረድ እስኪለምድ ትንሹን ይያዝ።

አማርኛ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላል። በጉለሌ ይህ የሰው ውድቀት ምሳሌ ከመሆኑ በፊት የዕለት ሥራ ነው። ትልቁ ባህር ዛፍ በሞተር መጋዝ ሲወድቅ፣ ግንዱን ጣውላ ሰንጣቂው፣ ቅርንጫፉን ባለ መጥረቢያው፣ ቅጠሉን ባዶ እጇን የመጣችው ሴት ትወስዳለች። ከአንድ ዛፍ ሁሉም በየመሣሪያው፣ በየአቅሙ ድርሻውን ያነሳል።

አሁን ተራራው ራሱ ሥራውን እየለወጠ ነው። በ2002 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ይዟል። የኢትዮጵያን ዕፅዋት በማጥናት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መርተውታል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ባህር ዛፉ በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየተነሳ፣ በእግሩ ጽድ፣ ኮሶ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት እንዲተካ ነው የሚፈለገው። ይህ ለመጋዝ ያዥ ከባዱ ሥራ ነው። ቀድሞ ባዶ ዳገት ላይ አጠና የሚጥል ሰው፣ ዛፉ ወዴትም ቢወድቅ ግድ አልነበረውም። አሁን ከ20 ሜትር በላይ የቆመውን ባህር ዛፍ የሰው ጉልበት በማይደርሱ ችግኞች መካከል፣ በአንዲት ጠባብ መስመር ላይ ማሳረፍ አለበት። የሚከፍተውን አፍ በሁለት ጣት ስፋት ቢስት የጽድ ችግኝ ይሰበራል።

ዛፉ ከወደቀም በኋላ ሥራው አላለቀም። ጉቶው ከተተወ በዓመቱ እንደገና ቡቃያ አውጥቶ ችግኞቹን ይሸፍናል። ስለዚህ የሞተር መጋዙ ጠፍቶ፣ ጭሱና ድምፁ ሲበርድ፣ አንድ ሰው ትንሽ መጥረቢያ ይዞ ጉቶው አጠገብ ይንበረከካል። ቅርፊቱን ከላይ ጀምሮ እስከ አፈሩ፣ ከአፈሩም ዝቅ ብሎ እስከ ሥሩ ድረስ ዙሪያውን ይልጠዋል፤ ነጩ እንጨት እርጥብ ሆኖ እስኪገለጥ ድረስ።